ባነሩ ሲቀደድ ነፋሱን ብቻ አንውቀስ

የመጋቢት ነፋስ በተነሣ ቁጥር በየአደባባዩና በየትምህርት ቤቱ በር የሚታየውን ትርኢት ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። ከሦስት ቀን በፊት «እንኳን ደኅና መጣችሁ» እያለ በኩራት ተወጥሮ የነበረው ባነር ዛሬ ለሁለት ተተርትሯል፤ «እንኳን» የሚለው ከምሰሶው ጋር ቀርቶ «ደኅና መጣችሁ» የሚለው ኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተጠምጥሟል። አላፊ አግዳሚው «ምን ይደረግ፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነው» ብሎ ያልፋል። ባነሩን የሰቀለው ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ገመዱን የባሰ አጥብቆ ለማሰር፣ ጨርቁም ላይ ተጨማሪ ቀዳዳዎች ለማበጀት ለራሱ ቃል ይገባል። በእኔ እምነት ከእነዚህ ከሁለቱ መፍትሔዎች አንደኛው ከንቱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አደገኛ ነው። የዚህች ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ በቁጥር ማሳየት ነው።

ጉዳዩ «ለአንድ ጨርቅ ይህን ያህል ሐተታ ምን ያስፈልጋል?» የሚያሰኝ ሊመስል ይችላል። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ከዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ከተማ ፊዚክስ አስተምር በነበረበት ጊዜ ለወላጆች ቀን ተማሪዎች ሳንቲም አዋጥተው ባነር አሳተሙ። በትምህርት ቤቱ በር ግራና ቀኝ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናዎች ተክለን ባነሩን በመካከላቸው ስንሰቅል «ጎትቱ! አሁንም ጎትቱ!» እያልኩ አዛዡ እኔ ነበርኩ። ገመዱ በጣት ሲነካ እንደ ክራር ክር እስኪጮህ ድረስ ተወጠረ። እኛም በሥራችን ኮራን። ከቀትር በኋላ አቧራ ያዘለ ድንገተኛ ነፋስ መጣ። ባነሩ አንድም ቦታ አልተቀደደም። የተሰበረው ከሥሩ አጣናው ነበር። አጣናው የወደቀው አንድ ሊስትሮ ሣጥኑን አስቀምጦ ይሠራበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። ልጁ ለደንበኛው መልስ ሊዘረዝር ወደ ሱቅ ሄዶ ስለነበር ተረፈ፤ ሣጥኑ ግን ደቀቀ። ልጁ ተመልሶ ሲያይ «ጋሼ፣ ሣጥኔን ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። ከፈልኩት። ሆኖም ከሣጥኑ ዋጋ ይልቅ የከነከነኝ፣ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ሳለ ገመዱን ከማስጎተቴ በፊት አንዲት መስመር ስሌት አለመሥራቴ ነበር። ስሌቱን የሠራሁት ማታ ነው። እናንተ ግን አስቀድማችሁ እንድትሠሩት እነሆ።

ነፋስ ስንት ይመዝናል?

አየር ክብደት የሌለው ይመስለናል። ይሁን እንጂ በባሕር ወለል አጠገብ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ አየሩ ሳሳ ስለሚል ይህ መጠን ወደ 0.93 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ይህ አየር በፍጥነት ተጉዞ ባነር ላይ ሲደርስ መንገዱን ለመለወጥ ይገደዳል፤ መንገዱን የሚያስለውጠውን ነገር ደግሞ መልሶ ይገፋዋል። የግፊቱ መጠን የሚገኘው የአየሩን እፍግታ በፍጥነቱ ስኩዌር አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። በተጨማሪም እንደ ባነር ላለ ዝርግ ነገር ውጤቱን በ1.2 ገደማ ማባዛት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከባነሩ ጀርባ የሚፈጠረው የአየር ግፊት መቀነስም የራሱን ስበት ይጨምራል።

እንግዲህ 6 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ቁመት ያለው ተራ ባነር እንውሰድ። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይነፍሳል እንበል። ይህ ትንንሽ ዛፎችን የሚያወዛውዝ፣ ማንም «ማዕበል» ብሎ የማይጠራው ነፋስ ነው። ግፊቱ በካሬ ሜትር 56 ኒውተን ያህል፣ በጠቅላላው ባነር ላይ ደግሞ 335 ኒውተን ያህል ይሆናል። ይህም የ34 ኪሎ ግራም ክብደት ማለት ነው። በካሬ ሜትር 440 ግራም ከሚመዝን የተለመደ ቪኒል የተሠራ ከሆነ ባነሩ ራሱ የሚመዝነው 2.6 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ሰቃዩ በእጁ ይዞ «ቀላል ነው» ያለው ዕቃ ነፋስ ሲነካው አሥራ ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል።

ይህም ገና መጀመሪያው ነው። ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነውና ነፋሱ እጥፍ ሆኖ በሰከንድ 20 ሜትር ሲደርስ ሸክሙ አራት እጥፍ ይሆናል፤ 1,340 ኒውተን፣ ወይም አንድ ኩንታል ከሠላሳ ሰባት ኪሎ ያህል። ነጎድጓዳማ ዝናብ ሊጥል ሲል ከደመናው ሥር ወደ ምድር ወርዶ በየአቅጣጫው የሚሰራጨው ድንገተኛ ነፋስ እንዲህ ዓይነት ፍጥነት ላይ ሊደርስ ይችላል። ነፋስ ከመሬት ከፍ ባለ መጠን ፍጥነት እንደሚጨምርም ልብ ይሏል። በአዳማ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀውና 51 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ፣ እንዲሁም በመቀሌ አቅራቢያ በአሸጎዳ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረቀው የ120 ሜጋዋት ጣቢያ፣ በረጃጅም ማማዎች ላይ የተተከሉት በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። መብራት የሚሰጠን ነፋስ ሳናስተውለው ባነራችንንም ይጎትታል።

የቀዳዳዎቹ ተስፋ

«ነፋሱ እንዲያልፍ» በሚል ባነር ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸውን ቀዳዳዎች በምላጭ መቁረጥ በአገራችን ብቻ ሳይሆን በዓለም ሁሉ የተስፋፋ ልማድ ነው። ልማዱ እውነት የሚመስለው አንዲት እውነት ስላለበት ነው፤ በቀዳዳ አየር ያልፋል። ጥያቄው «ስንት?» የሚለው ነው።

ባነራችን ላይ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው አሥር ግማሽ ጨረቃዎች ቆረጥን እንበል። የአንዱ ስፋት 88 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ የአሥሩ ተደምሮ 0.09 ካሬ ሜትር አይሞላም። ከ6 ካሬ ሜትር ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ በግምት 335 የነበረው ኃይል 330 ይሆናል፤ ትርፋችን የግማሽ ኪሎ ክብደት ነው። ጽሑፉ እስኪበላሽ ድረስ የቀዳዳዎቹን ቁጥር ሦስት እጥፍ ብናደርገው እንኳ ከመቶ አምስት አይሞላም።

ለዚህች ትርፍ የምንከፍለው ዋጋስ? አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ሥራውን ሲሠራ ተመልከቱ። ጨርቁን ለክቶ ጠርዙን በመቀስ ጥቂት ይነካውና በሁለት እጁ ይዞ ጭርር ያደርገዋል። መቀሱ ባይነካው ኖሮ ያንኑ ጨርቅ በሁለት እጁ ጎትቶ መበጠስ ባልቻለም ነበር። ቪኒል ባነርም በባሕርዩ ከዚህ አይርቅም፤ ከፖሊስተር ክር የተሠራ መረብ ሲሆን በሁለቱ ገጽ ፕላስቲክ ተቀብቷል። ሸክሙን የሚችለው ክሩ ነው። ክሩ ሳይቆረጥ ሸክሙን ሁሉም ክሮች ይካፈሉታል፤ ሲቆረጥ ግን የተቆረጡት ክሮች ድርሻ በቀዳዳው ጫፍ ላይ ባሉት ጥቂት ጎረቤቶቻቸው ላይ ይወድቃል።

ሳይንሱም ይህንኑ ይመሰክራል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኪርሽ እ.ኤ.አ. በ1898 በተወጠረ ሰፊ ዝርግ ላይ ያለች ክብ ቀዳዳ በጠርዟ ላይ ውጥረቱን ሦስት እጥፍ እንደምታደርገው በስሌት አሳየ። እንግሊዛዊው ኢንግሊስ እ.ኤ.አ. በ1913 ቀዳዳው ክብነቱን ትቶ እየቀጠነና እየሾለ በሄደ መጠን በጫፉ ላይ ያለው ውጥረት ከዚህም እጅግ እየናረ እንደሚሄድ አረጋገጠ። ስሌቶቹ የተሠሩት ክር ለሌለው ወጥ ነገር ስለሆነ ቁጥሮቹ እንዳሉ ለባነር አይሠሩም፤ የሚያመለክቱት አቅጣጫ ግን ያው ነው። በምላጭ የተቆረጠ ግማሽ ጨረቃ ሁለት የሾሉ ጫፎች አሉት፤ አሥር ግማሽ ጨረቃዎች ደግሞ መቀደድ ሊጀመርባቸው የሚችሉ ሃያ ጫፎች ናቸው። እኛ ለነፋሱ በር የከፈትን ሲመስለን የጨርቅ ነጋዴውን መቀስ አውሰነዋል።

ይህ ሲባል አየር ማሳለፍ ራሱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በአሜሪካ የታኮማ ድልድይ በተመረቀ ከአራት ወር ጥቂት በኋላ ኅዳር 7 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ያህል በሚነፍስ ነፋስ ተርገብግቦ ሲፈርስ፣ አንዱ ጥፋቱ ጎንና ጎኑ አየር በማያሳልፍ ድፍን ብረት መሠራቱ ነበር። በ1950 የተተካው ድልድይ ጎኑ ክፍት በሆነ የብረት መረብ ተሠራ። ልብ በሉ፤ መሐንዲሶቹ ድፍኑን ብረት በጥቂት ቦታ ቀድተው አላለፉም፤ ከመሠረቱ ክፍት አድርገው ሠሩት። ለባነርም ይኸው መንገድ አለ፤ ሲሠራ ጀምሮ በመላው ገጹ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ወንፊት መሰል ቪኒል። በዚህ ዓይነቱ ጨርቅ ከገጹ ከመቶ ሠላሳ ያህሉ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ክሩም በየቀዳዳው ዙሪያ ሳይቆረጥ ይዞራል። በአንድ ተኩልና በሠላሳ መካከል ያለው ልዩነት በተስፋና በምሕንድስና መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ማጥበቅ ሲበዛ

ወደ ሁለተኛው ልማድ፣ ማለትም እኔም ወደ ወደቅሁበት ስሕተት እንምጣ። ባነር በነፋስ ሲገፋ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ሁለቱን ምሰሶዎች የሚጎትተው ውጥረት መጠን በዚህ ጉብጠት ላይ የተመሠረተ ነው። ስሌቱም፦ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ ያለውን ሸክም በርዝመቱ ስኩዌር አባዝቶ፣ ለጉብጠቱ ስምንት እጥፍ ማካፈል ነው።

ባነራችን በየሜትሩ 56 ኒውተን ይሸከማል፤ ርዝመቱም 6 ሜትር ነው። መሐሉ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲጎብጥ ብንፈቅድለት ምሰሶዎቹን የሚጎትተው በ420 ኒውተን ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብንፈቅድለት በ840 ኒውተን ይጎትታል። እንደ ክራር ክር ወጥረን ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ አትጎብጥ ብንለው ግን ኃይሉ ወደ 2,520 ኒውተን ይወጣል፤ ይህም ከሁለት ኩንታል ተኩል ክብደት ይበልጣል። ነፋሱ ያው ነው፤ ባነሩም ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው የእኛ ጉልበት ነው። ይህን ኃይል 4 ሜትር ከፍታ ባለው አጣና አናት ላይ ስናስረው አጣናው ራሱ እንደ ረጅም ዘንግ ሆኖ ሥሩን ይፈነቅላል። ያን ቀን አጣናችን ለምን ተሰበረ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ይልቁንስ እስከ ቀትር በኋላ እንዴት ቆመ የሚለው ነው የሚያስገርመው።

«እንግዲያው እናላላው» የሚል ካለም እንዲሁ አይቸኩል። ጠርዙ ላልቶ የተንጠለጠለ ባነር ይርገበገባል፤ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ቢርገበገብ በአንድ ቀንና ሌሊት 172,800 ጊዜ ይታጠፋል ማለት ነው። ሽቦ በእጅ እየተመላለሰ ሲታጠፍ እንደሚሰበር ሁሉ ቪኒልም በተደጋጋሚ ሲታጠፍ ይደክማል። ላልቶ የቆየ ገመድ ድንገት ሲወጠር ደግሞ የሚፈጠረው ምት ከረጋው ውጥረት ይብሳል። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ማጥበቅም ማላላትም አይደለም፤ ጨርቁ በጠርዞቹ ሁሉ እኩል ይያዝ፣ ገመዱ ግን እንዲጎብጥ ይፈቀድለት የሚል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ «ባነሩ ይህን ያህል መተለቅ አለበትን?» ብለን እንጠይቅ። በስሌቱ ውስጥ ርዝመቱ በስኩዌር ስለገባ በ6 ሜትር ፈንታ 3 ሜትር ባነር ብንሰቅል፣ ለተመሳሳይ ጉብጠት ምሰሶውን የሚጎትተው ኃይል አንድ አራተኛ ብቻ ይሆናል። አጭር መፈክር ለአንባቢም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ጨርቁ ሸክሙን በአጭሩ መንገድ ያሻግር። በአራት ማዕዘኖቹ ብቻ የታሰረ ባነር ሸክሙን በ6 ሜትር ርዝመቱ ተሸክሞ በአራት የብረት ቀለበቶች ላይ ይጥለዋል። የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ አጥፈን በማሰፋት ከዳር እስከ ዳር ገመድ ብናሳልፍበት ግን ጨርቁ የሚሸከመው ከገመድ እስከ ገመድ ያለውን 1 ሜትር ብቻ ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ጉብጠት በርዝመቱ ሲሸከም በእያንዳንዱ ሜትር ቁመት 840 ኒውተን የነበረው የጨርቁ ውጥረት፣ በቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢጎብጥ በሜትር ወደ 70 ኒውተን ይወርዳል፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ረጅሙን ጉዞ ለዚያ የተሠራው ገመድ ይሸከመዋል። ገመድ ማሳለፍ ካልተቻለ ቀለበቶቹን በየ50 ሳንቲ ሜትሩ በማስመታት፣ በግራና በቀኝ ጠርዝ ቀጭን ጣውላ በማስገባት ሸክሙን ማከፋፈል ይቻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

ሦስተኛ፣ የሚለጠጥ ነገር ይኑር። ናይለን ገመድ ነፋስ ሲበረታ ራሱ ተለጥጦ ጉብጠቱን ስለሚጨምር ውጥረቱን ያረግበዋል፤ የብረት ሽቦ ግን ብዙም አይለጠጥም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ማሰሪያ በገመዱ ጫፍ ላይ ማስገባትም ምቱን ያለዝባል።

አራተኛ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ በየቀኑ መመልከት ነው። የአንድ ጣት ስፋት ያላት መቀደድ በዚያው ቀን ካልተጠገነች ነገ ባነሩን ትጨርሰዋለች። በተለይም በደጋማው አገራችን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከመቶ አሥር ያህል ስለሚበረታ ፕላስቲኩ ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የጸናው ባነር ዘንድሮም ይጸናል ብሎ መተማመን አይገባም።

መጀመሪያ የሚበጠሰው የቱ ይሁን?

አምስተኛውና ለእኔ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ማንኛውም የተሰቀለ ነገር ከተሰላለት በላይ የሆነ ነፋስ አንድ ቀን ሊገጥመው ይችላል። በዚያ ቀን አንድ ነገር መበጠሱ ወይም መሰበሩ አይቀርም። ምርጫችን መበጠስ ወይም አለመበጠስ አይደለም፤ የሚበጠሰውን አስቀድመን እኛ እንመርጣለን ወይስ ነፋሱ ይመርጥልን የሚለው ነው። የኤሌክትሪክ ፊውዝ የተሠራው ቤቱ ከሚቃጠል ቀጭኗ ሽቦ ትቅለጥ በሚል ብልሃት ነው። ለባነርም እንዲሁ እናስብ። የላይኛውን ጠርዝ በጠንካራ ገመድ፣ የታችኛውን ደግሞ በቀጭን ሲባጎ ብናስረው፣ ነፋሱ ከልክ ሲያልፍ ቀድሞ የሚበጠሰው የታችኛው ሲባጎ ይሆናል። ባነሩም ሳይወድቅ ወደ ላይ ተነሥቶ እንደ ሰንደቅ ነፋሱን ያሳልፈዋል፤ የሚጎትተው ኃይልም በእጅጉ ይቀንሳል። ነፋሱ ሲረጋ ሰው ሄዶ መልሶ ያስረዋል። ከዚህም ጋር ባነር ፈጽሞ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ እንዳይታሰር፣ ቢበጠስም ሽቦ ላይ ሊደርስ በማይችልበት ርቀት እንዲሰቀል ማድረግ ግድ ነው።

«ለሁለት ቀን ለሚሰቀል ጨርቅ ይህ ሁሉ ጣጣ?» የሚለውን ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በእርግጥ ወንፊት መሰሉ ቪኒል የጽሑፉን ድምቀት ይቀንሳል፤ ማሰፋቱና ቀለበቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ሆኖም ከላይ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ ብዙዎቹ ከጥቂት ሜትር ገመድና ከግማሽ ሰዓት ሐሳብ በላይ አያስወጡም። ነፋሱ ደግሞ ባነሩ ለሁለት ቀን ወይም ለሁለት ወር እንደተሰቀለ አይጠይቅም። የሊስትሮው ሣጥን የደቀቀው ባነሩ በተሰቀለ በመጀመሪያው ቀን ነው።

ለተማሪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። ይህን ጽሑፍም ቢሆን እንዲሁ አትመኑት። ከአሮጌ ባነር እኩል ስፋት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ውሰዱ። አንዱን እንዳለ ተዉት፤ ሁለተኛውን መሐሉ ላይ በምላጭ አግድም ሰንጥቁት፤ ሦስተኛው ላይ በስንጥቁ ርዝመት ልክ ክብ ቀዳዳ አብጁ። እያንዳንዱን ሰቅላችሁ ሥሩ ላይ ባልዲ እሰሩና አሸዋ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ከባልዲው ሥር እግራችሁን አርቁ። በስንት ኪሎ እንደተበጠሱ መዝግቡና አወዳድሩ። ከዚያ ለሚቀጥለው የክበባችሁ በዓል ባነር ስትሰቅሉ ያንን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ሰው «ጎትቱ!» ብሎ ሲያዝዛችሁም፣ መምህራችሁ ቢሆን እንኳ፣ «በስንት ኒውተን?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔን ያን ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ቢኖር ኖሮ ምን ያህል ባመሰገንኩት!